የመርፌዋ ጠፍጣፋ ጎን

ሰፈሩ «መቀሷ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ዋጋ ስለምትቆርጥም ነው። ምንጣፍ ሊገዛ የወጣ ጎረቤት መጀመሪያ የእሷን በር ያንኳኳል። እሷም ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደጣለች ትከተለዋለች። ከሩቅ ሲያዩዋት ዋጋ ቀድመው የሚጨምሩ ነጋዴዎች አሉ፤ ሱቁን ጥሎ ሽንት ቤት የሚሄድም አለ።

ዛሬ ግን የወጣችው ለራሷ ነው። አስራ ዘጠኝ ዓመት ያገለገለቻት የስፌት መኪና ትናንት መሃል አንገትጌ ላይ ዋና ዘንጓ ተሰበረ። አርባ የተማሪ ዩኒፎርም ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል፤ ዛሬ ሐሙስ ነው። ትምህርት ቤቱ ሥራውን የሰጣት ለሙከራ ነው። ካዘገየች የሚቀጥለው ዓመት ስምንት መቶ ዩኒፎርም ወደ ፋብሪካ ይሄዳል። ሻሿ ጫፍ ላይ የቋጠረችው ደግሞ ሰባት ሺህ ብር ብቻ ነው።

«ስሚ» አለቻት ታናሽ እህቷን፣ ሱቁ ጋ ሳይደርሱ። «ምንም ብታዪ ‘ታምራለች’ እንዳትዪ። ሰኞንም እንዳታነሺ። ፊትሽን አጥቁሪ።»

«እንዴት ነው የማጠቁረው?»

«የባልሽን እናት አስቢ።»

አሮጌ የስፌት መኪና የሚሸጠውን ሰውዬ ገበያው «ባለ አንድ ቃል» ብሎታል። አንዴ የጠራውን ዋጋ ሰማይ ቢወርድ አይቀንስም። ከኋላው «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይሉታል፤ እሱ ይኮራበታል። ጥሎ የመሄድ ዘዴ እሱ ጋ አይሠራም። ሌላው ነጋዴ ሦስት ሱቅ ሳታልፊ ይጣራል፤ እሱ «ደህና ዋይ» ይልሻል።

ሦስት ባለ ፔዳል መኪኖች ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መቀሷ የምትፈልጋትን ገና ከበሩ ለየቻት። ለየቻትና ጀርባዋን ሰጠቻት።

«ይቺ የዛገችው ስንት ናት?»

«አስራ አንድ ሺህ።»

«ያቺስ፣ ጥግ ያለችው አሮጊት?»

«አስር። ቃሌ አንድ ነው፣ እናቴ።»

«እናትህማ ብሆን በሰባት ትሰጠኝ ነበር።»

«ለእናቴ በአስራ አንድ ነው የሸጥኩላት።»

መቀሷ ከቦርሳዋ ቁራጭ ጨርቅ አውጥታ የጥጓን መኪና ፔዳል ረገጠች። መኪናዋ ትሮጣለች፣ ስፌቷ ግን ይዘላል፤ ሁለት ትሰፋለች፣ አንድ ታልፋለች። ጎንበስ ብላ አየችና ገባት። የመርፌ አናት በአንድ በኩል ጠፍጣፋ ነው፤ ያ ጎን ዞሮ ነው የገባው። ሌላ በሽታ የላትም። ለማያውቅ ሰው ግን አልቆላታል።

«ወይ ወንድሜ!» ጨርቁን አፍንጫው ስር አቀረበችለት። «ይሄ ስፌት ነው የዶሮ ኮቴ?»

ባለ አንድ ቃል ጨርቁን ገለባበጠ። ራሱን አከከ። ከዚያ በዚያ ገበያ ታይቶ የማይታወቅ ነገር ሆነ፤ አፉ «እንግዲህ እስቲ…» ብሎ ተከፈተ።

እጇ ጉድ የሠራት እዚህ ላይ ነው። ዕድሜውን ሲሰፋ የኖረ እጅ የሚዘል ስፌት አይቶ አያልፍም። አፏ መኪናዋን እያጣጣለ ጣቶቿ ብሎኗን ፈቱ፣ መርፌዋን አዞሩ፣ አጠበቁ። እግሯም ረገጠ። ወደ ልቧ ስትመለስ ጨርቁ ላይ እንደ ጉንዳን ሰልፍ የተስተካከለ መስመር ተሰፍቷል።

«ውይ እትዬ፣ ታምራለች!» አለች እህቷ።

«አስር ሺህ» አለ ባለ አንድ ቃል፣ አፉን ገጥሞ።

በገዛ እጅ የቆረጡት ጣት አያምም ይባላል። ውሸት ነው። መቀሷ ሰኞን አሰበች፣ ሻሿን ዳሰሰች። ከዚያ መርፌዋን በመዳፏ ከልላ ብሎኗን ፈታች፣ አዞረች፣ አጠበቀችና ረገጠች። ሁለት ሰፋች፣ አንድ አለፈች።

«ምን አደረግሻት?»

«እንዳገኘኋት መለስኳት። የሰው ንብረት አልነካም።»

«አንቺ ሴትዮ!» ሳቁ አመለጠው። ወዲያው ግን ተኮሳተረ። «ስቄም አስር ነው። ዛሬ ላንቺ ከወረድኩ ነገ ገበያው ሁሉ ሲያወርደኝ ይውላል።»

እውነቱን ነው። የሰውዬው ሀብት መኪኖቹ ሳይሆኑ ቃሉ ነው፤ እሱ ደግሞ አይቆረጥም። ዓይኗ ወደቀሩት ሁለቱ ሄደ።

«እነዚህስ ይሰፋሉ?»

ባለ አንድ ቃል የአንደኛዋን አቧራ በእጀታው ጠረገ።

«ከቆሙ ስንት ጊዜያቸው ነው?»

«አንዷ ዓመት አልፏታል።»

«በል፣ ቃልህ ይከበር። በአስር ሺህ ነው የገዛኋት። ሦስቱንም ላድንልህ፣ የእጄን ሦስት ሺህ ታስብልኛለህ።»

ጣራውን እያየ አሰላው። «ዋጋ አልቀነስኩም ማለት ነው?»

«ምን ሲደረግ!»

«ሰው ፊት ትመሰክሪያለሽ?»

«እምላለሁ።»

የጥጓን መርፌ መልሳ አቀናች፤ ከቀሩት አንደኛዋን በሩብ ሰዓት አስነሳቻት። ዓመት የቆመችው ግን የምር ታማ ነበር፤ መቀሷ እስከ ክርኗ በዘይት ጠቁራ፣ ሦስቱን ሺህ በላቧ እስክታገኘው ድረስ ከሰዓት ሆነ። ሰባቱን ከሻሿ ፈትታ ሰጠችና መኪናዋ ጋሪ ላይ ስትጫን፣ የጎረቤቱ ነጋዴ አንገቱን አሰገገ።

«መቀሷ፣ በስንት ቆረጥሽው?»

«በአስር!» አለች፣ ገበያው እስኪሰማ። «ይሄ ሰውዬ ንቅንቅ አይልም!»

ባለ አንድ ቃል ደረቱን ነፋ።

ሰኞ ጠዋት አርባው ዩኒፎርም ተተኩሶ ትምህርት ቤቱ ደረሰ። ርዕሰ መምህሩ አንዱን አንገትጌ ገልብጠው አዩ፣ ስፌቱን በጥፍራቸው ጎተት አደረጉ። አልዘለለም።

«የሚቀጥለው ዓመት ስምንት መቶው ያንቺ ነው» አሉ። «ግን ብዛት ስለሆነ ዋጋውን ትንሽ ብትቀንሺልን…»

«ቃሌ አንድ ነው» አለች መቀሷ።