ወሬ አቀባይ

ፀጉር ሠሪዋ ደንበኞቿን ስታሥቅ የምትውል ሴት ነበረች። የሰው ጭንቅላት ሲታጠብ ምስጢሩም አብሮ ይፈስሳል እያለች ትቀልዳለች። ስለ ራሷ ቤት ግን ትንፍሽ አትልም።

ታናሽ ወንድሟ እጁ የተባረከ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። አንድ ሰሞን ግን ጎረቤቶች በሽቦ ውስጥ ሐሳቤን ይስቡብኛል ማለት ጀመረ። ከእንቅልፍ ጋር ተጣላ፤ የቤቱን ሶኬቶች ሁሉ ፈታቸው። ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር አባታቸው በሽታውን በቁጣ ሊያባርሩት ሞከሩ። ወንድ ልጅ አይደለህም ወይ፣ ራስህን ግዛ እያሉ በጮኹ ቁጥር ልጁ ይብስበታል። በመጨረሻ እህቱ አባብላ ሆስፒታል አስገባችው።

ሲወጣ የሆስፒታሉ ነርስ መድኃኒት ብቻ ሰጥታ አላሰናበተቻቸውም። የታማሚ ቤተሰቦች እየተሰበሰቡ የሚመካከሩበት ክፍል አለና እንዲመጡ ነገረቻቸው። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ የሰው ጉልበት ከጉልበት ይነካካል። እሚሰማኝ ድምፅ አለ ቢላችሁ አትከራከሩት፣ አትሣቁበት፣ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ በሽታው ሊመለስ ሲል ምልክት ይሰጣልና እሱን ስታዩ ቶሎ ንገሩን፤ ትምህርቱ ይኸው ነው። አባትየው ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ስብሰባውን ጨረሱ። በሩ ላይ ሲደርሱ፣

«የቤቴን ገመና አደባባይ አላሰጣም» አሉ። ዳግመኛም አልሄዱም።

እሷ ብቻዋን ተመላለሰች። የተማረችውን እቤት ገብታ ሞከረችው፤ ሠራም። ወንድሟ መተኛት ጀመረ፣ ሰው ማናገር ጀመረ። አንድ ቀን ሱቋ መጥቶ የተበላሸውን ፀጉር ማድረቂያ ጠገነላትና፣ «አሁን ፀጉር ያደርቃል እንጂ ሐሳብ አይሰርቅም» ብሎ በራሱ ቀለደ። ሥቃ ሥቃ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

ይህን ሲያዩ አባትየው ልጄ ድኗል አሉ። መድኃኒት ለበሽተኛ ነው፣ አንተ ምን ሆነህ ነው ብለው መከሩት። ልጁም መስማት የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል፣ እሱ ደግሞ በእጁ አዳሪ ነው። ከእህቱ ተደብቆ ተወው።

አንድ ጠዋት ልታየው ስትገባ አልጋው ሥር ያለው ሶኬት ተፈትቶ አገኘችው። ለአባቷ ነገረቻቸው።

«አታሟርቺበት» አሏት።

«አባባ፣ ነርሷ ያለችን ምልክት እኮ ይኸው ነው» ብላ ለመነቻቸው። ፊታቸውን አዞሩ። ያላት ምርጫ ስልክ መደወል ነበር፤ ነርሷም ሳይብስበት ቶሎ አምጪው አለቻት። ስልኩን ዘግታ ዞር ስትል ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል።

«ለካ አንቺ ነሽ» አላት በቀስታ። «ስለ እኔ ወሬ የምታቀብያቸው አንቺ ነሽ።»

ውሸት ነው እንዳትለው ነግራ ነበራ።

ከዚያ ወዲያ ጎረቤቶቹን ተዋቸውና እሷን ያዘ። ሆስፒታልም አልሄድም፣ ከእጇ ውኃ እንኳ አልቀምስም አለ። በሳምንቱ የቤቱን ዋና መስመር ሊቆርጥ ሲል ኤሌክትሪኩ ቀኝ እጁን አቃጠለው፤ ቁስሉ ሲድን ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ከቁስል ክፍል በቀጥታ ወደ አእምሮ ሕሙማን ክፍል አዛወሩት።

አባትየው ያኔ ማንም ሳይጎትታቸው ወደዚያች ጠባብ ክፍል ሄዱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንዲህ አድርጌ ባናግረውስ፣ ልጄ ይሰማኛል?» ብለው ነርሷን ጠየቋት። ነርሷ አቀርቅራ ልጃቸው ዘመድ የለኝም ማለቱን ነገረቻቸው።

ለፀጉር ሠሪዋ የተሰጣት ምክር ከዚህም የከበደ ነበር። በር ላይ መሆኗን በሰማ ቁጥር ስለሚታወክ፣ ለጊዜው ባትመጪ ይሻላል ተባለች። ጊዜውም ይኸው ዓመት አለፈው። አባትየው አሁንም ስብሰባው አይቀርባቸውም፤ በዚያው ልጃቸውን አይተው ሲመለሱ ወንድሜ ምን አለ ብላ ትጠይቃቸዋለች፣ ምንም አላለም ይሏታል።