ተጽፎልኛል

ወንድሜ ሰነፍ አልነበረም። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ የምለው ሁሉ ስድብ ስለሚመስል ነው። ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ፣ የስፌት መኪና ድምፅ ስም ባወጣለት በዚያ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ የእሱን ያህል ቀጥ ያለ ስፌት የሚያወጣ ጥቂት ነበር። ችግሩ ኒያው ነበር።

እኛ ጀጎል ውስጥ ያደግን ሙስሊሞች ሳንሰግድ፣ ሳንጾም፣ ሌላው ቀርቶ ዘመድ ጥየቃ ሳንወጣ አስቀድመን ልባችንን እናስተካክላለን፤ ምን ልሠራ ነው፣ ለማን ብዬ ነው እንላለን። ኒያ ማለት ይኸው ነው። በልብ የሚያዝ ነገር ነው። ወንድሜ ግን ከልቡ አውጥቶ ግቢ መሐል አቆመው።

የጀመረው ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነው። አንዲት ሴት ልጅ ትታለት ሄደች። ልጅቷ ያኔ የወተት ጥርሷን እየነቀለች ነበር። የእናቷ እናት ድሬ ጠያራ ወዳለው የገጠር ቤታቸው ወሰዷት፤ እሱም ሐዘኑ ሲበርድለት መጥቶ ሊወስዳት፣ ሐረር አምጥቶ ትምህርት ቤት ሊያስገባት ቃል ገባ። ድሬ ጠያራ ሩቅ አገር አይደለም። ማልዶ የተሳፈረ ሰው ለዙሁር፣ ለቀትሩ ሶላት፣ ቤቱ ይመለሳል።

በዚያው ሰሞን ስልኩ ላይ ከረባት ያሰረ፣ ስለ ስኬት የሚያወራ አንድ ሰው አገኘ። ጠዋት ስትነሣ የዕለቱን ዓላማህን ጮክ ብለህ ተናገር፣ እንደ ተፈጸመም ቆጥረህ ደስ ይበልህ ይላል ሰውየው። ወንድሜ ይህማ የእኛው ኒያ ነው ብሎ ተደሰተ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ፊቱን ታጥቦ፣ ግቢው መሐል ቆሞ፣ ዛሬ ልጄን አመጣለሁ ይላል። መጀመሪያ ላይ አብሬው የምኖረው እኅቱ እኔም አሚን እል ነበር። ምሳ እንኳ ጨምሬ እየሠራሁ ጠብቄያታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጫቱ ይመጣል። ከጓደኞቹ ጋር በርጫ ተቀምጦ ምርቃናው ሲይዘው የጠዋቱ ዓላማ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ልጅቷ ትመጣለች፣ ከክፍሏ አንደኛ ትወጣለች፣ ሐኪም ትሆናለች። ጓደኞቹ ማሻአላህ ይላሉ። የእሱ ዓይን እንባ ያቀርራል፤ እንባው የውሸት አልነበረም። ሲመሽ ልጁን አምጥቶ እንዳስተኛ ሰው ደክሞት ይተኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእኛው ሰው ግን ወተቷንም ጠጥቶ ነበር የሚያድረው።

አንድ ቀን አላስችል አለኝ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ከልብህ ቢሆን ሚኒባስ አይጠፋም አልኩት። አልተቆጣም። እንዲያውም አዘነልኝ።

«በጎ ነገር ያሰበ ሰው ባይሳካለትም አላህ ዘንድ ምንዳው ይጻፍለታል» አለኝ። «የእኔ በየቀኑ እየተጻፈልኝ ነው።»

ደሜ ፈላ። ትምህርቱን አብረን ነው የተማርነው። ላሰበ ይጻፍለታል፣ ለሠራ ደግሞ እጥፍ ድርብ ይጻፍለታል ተብለናል፤ እሱ የፊተኛውን ይዞ የኋለኛውን ጣለው። ደግሞስ ይህ የተባለው ሊሄድ ተነሥቶ መንገድ ለተዘጋበት ነው እንጂ ጫማውን ላላጠለቀ ነው? ግን የሚነግረው አልነበረም። ኒያው ያማረ ሰው መውቀስ እኛ ሰፈር ነውር ነው።

አንድ መስከረም ዩኒፎርም ሰፋላት። አንገትጌውን ሁለቴ ፈትቶ እንደገና ሰፋው። ይዤላት እሄዳለሁ ብሎ በርጫው ስለ ያዘው እኔ ይዤው ሄድኩ፤ እግረ መንገዴንም ልጅቷን ላመጣት አስቤ ነበር። አያቷ ልብሱን ተቀበሉኝና ልጅቷን ከለከሉኝ።

«ልጅ በመልእክተኛ አይወሰድም» አሉኝ በኦሮምኛ። «አባቷ ራሱ ይምጣ።»

ተሳስተዋል ማለት አልቻልኩም። ልጅቷ ጓዳ ገብታ ቀሚሱን ለካችው፤ ክንዷ አልገባም። ወንድሜ የለካው ያችን ጥርሷን የምትነቅለውን ልጅ ነበር። እሷ አድጋ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትሸከማለች። «አዳዳ» ትለኛለች፤ በኦሮምኛ የአባት እኅት ማለት ነው። መቼ እንደሚመጣ ጠየቀችኝ፤ አላውቅም አልኳት።

ስመለስ ቀሚሱ እንደ ጠበባት ነገርኩት። በነጋታው ማለዳ ግቢው መሐል ቆመና ዛሬ ልጄን አመጣለሁ፣ ቀሚሱንም አሰፋላታለሁ ብሎ ኒያውን አስረዘመው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ አሚን ማለት ተውኩ።

ከዓመታት በኋላ ሸዋ በር ገበያ የወረደች የመንደሩ ሴት ልጅቷ መዳሯን ነገረችኝ። ትምህርት ቤት ሳትገባ ነው የተዳረችው። ለወንድሜ ስነግረው ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ ተቀመጠ። አሁንስ ነቃ ብዬ ነበር። ጠዋት ግን ባሏንም ጨምሮ አመጣቸዋለሁ አለ።

የገደለው ጉበቱ ነው። ሆስፒታል ተኝቶ ዓይኑ ብጫ ሆኖ እንኳ ከዚህ ስወጣ በቀጥታ ድሬ ጠያራ ነኝ ይለኝ ነበር። እጁን ይዤ እያለቀስኩ በልቤ እራገመው ነበር። ወንድሜን እወደው ነበር፤ እጠላውም ነበር፤ አንዱ ሌላውን አላጠፋውም።

ልጅቷ ለቅሶው ላይ ሕፃን አዝላ መጣች። ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቷን ቤት ደጃፍ ረገጠች። ሴቶቹ ቦታ ለቀቁላትና መደቡ ላይ አጠገቤ ተቀመጠች። በዕድሜ የገፉ አንዲት ጎረቤታችን ጉልበቷን ዳበስ አደረጓት።

«አብሽሪ ልጄ» አሏት በኦሮምኛ። «አባትሽ አንቺን ላምጣ ሳይል የዋለበት ቀን የለም። ያ ሁሉ ኒያ አላህ ዘንድ ተጽፎለታል።»

ሴቶቹ ሁሉ አሚን አሉ። ልጅቷም አሚን አለች። ሕፃኑን ወደ ጡቷ አዙራ፣ ራሷን ሳታነሣ፣ ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቀችኝ።

«አዳዳ፣ ለእሱስ ተጻፈለት። ለእኔ ምን ተጻፈልኝ?»