የቆመልኝ መኪና

ከአገር የወጣሁት እሑድ ማታ ነው። ወሎ ሰፈር የነበረው ቤታችን ለኤርፖርቱ ቅርብ ቢሆንም፣ ያን ሰሞን መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር መኪና በራችን ድረስ አይገባም። አባቴ ሻንጣዬን ተሸክሞ እስከ አስፋልቱ ሸኘኝ። የእግረኛው መንገድ ላይ አሸዋ ተከምሮ በመኪኖች መሀል ነበር የምንሄደው፤ እሱም ወደ ዳር ገፋ አደረገኝና በመኪናው በኩል ሆነ። እዚያው ሰፈር ሲሻገር ሚኒባስ ገጭቶት ግራ እግሩን ይጎትታል። ከዚያ ወዲህ ከቤት መውጣት ትቶ ነበር፤ ያን ማታ ግን የሚያስቀረው አልተገኘም።

የሄድኩት ሆላንድ ነው፣ ባለቤቴ ዳዊት ጋ። ብርዱን ሁሉም ስለሚያወራው ልተወው። ዳቦ ላይ ቸኮሌት በትነው ቁርስ ነው የሚሉ ሰዎች ናቸው። አከራያችን ወይዘሮ አኒ ገና ቁልፉን ሲሰጡን «ፊትስሽ የት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። ፊትስ ብስክሌት መሆኑን ዳዊት ነገረኝ። የለኝም ስላቸው እግር የለኝም ያልኳቸው ይመስል አዘኑልኝ። በእኛ አገር ትልቅ ሴት ብስክሌት ላይ አትወጣም አልኳቸው።

«እኔ የልጅ ልጆች አሉኝ» አሉ። «ትልቅ የምሆነው መቼ ነው ታዲያ?»

እየጣሉም እያነሱም አስተማሩኝ። ብቻዬን የወጣሁ ዕለት አደባባዩ ጋ መኪና ሲመጣ አየሁና ወርጄ ቆምኩ። መኪናውም ቆመ። እኔ እሱን፣ እሱ እኔን ስንጠብቅ ቆየንና፣ በመጨረሻ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ እያልኩ ተሻገርኩ። ሰውየው ያመመኝ መስሎት መስኮቱን ከፍቶ ደህና ነሽ ወይ አለኝ።

ቤት ገብቼ ስለ ሰዉ ደግነት ሳወራ ወይዘሮ አኒ ደስ አላላቸውም። አደባባዩ ድረስ መልሰው ወሰዱኝ። የምንሻገርበት ቦታ ከፍ ብሎ ተሠርቷል፤ መታጠፊያውም ጠባብ ስለሆነ ሹፌር ቢፈልግም መብረር አይችልም።

«እኛም ድሮ በመኪና የተገጩ ልጆች ቀብረናል» አሉኝ። «መንገዱን ቀየርነው እንጂ ሰዉ ያው ነው።»

አባቴን የገጨው ሹፌር ትዝ አለኝ። እኛ ቤት በክፉ ነበር የሚነሳው። ግን ሆስፒታል ያደረሰው፣ በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ የዋለውም እሱ ነው።

አሁን ወሎ ሰፈር የነበረው ቤታችን ለመንገዱ ሥራ ፈርሶ፣ ወላጆቼ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ገብተዋል። ባለፈው ስደውል አባቴ ወሎ ሰፈር ነበር። ያን ሁሉ መንገድ በሚኒባስ ምን ልትሠራ ሄድክ ብዬ ብጠይቀው፣ «በእግሬ ልሄድ» አለኝ። የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ብስክሌትም የራሱ መስመር አለው፣ ሲደክመኝ የማርፍበት አግዳሚ ወንበር አለ፣ ቀስ ብል የሚጮኽብኝ የለም እያለ ሲነግረኝ እንባዬ መጣ።

«ታዲያ ማንን አገኘህ?» አልኩት።

«ሰውማ ሞልቷል። የማውቀው ግን አንድም አላየሁ።»

ከኋላው የታክሲ ረዳት የካ አባዶ እያለ ሲጣራ ይሰማኛል። «ሳይሞላ ልግባ ልጄ» አለኝና ስልኩን ዘጋው።