የስንዱ ኩባያ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳን «ቅናት አለብኝ» ብዬ በደፈናው አልፌዋለሁ፤ ስግደት አዘዙልኝ፣ ሰገድኩ። የሠራሁትን ግን አልነገርኳቸውም። አሁን የምታነቡ ስሙኝ።

ከጎጃም አቃቂ የመጣሁት ክር ፋብሪካ ልቀጠር ነው። ዘመድ አልነበረኝም። የሥራ ጓደኛዬ ስንዱ አንዲት ክፍል አብረን እንድንከራይ ጠየቀችኝ፤ ያላትን ሁሉ አካፈለችኝ። አገሬ ሲናፍቀኝ «አይዞሽ እታለም» የምትለኝ እሷ ነበረች። እኔም ቀናሁባት። በምን? በመልኳ ቢሆን በገባኝ። እኔ የቀናሁት በእንባዋ ነው።

ስንዱ ለጸሎት ስትቆም ታለቅሳለች። ድምፅ የለውም፣ ዝም ብሎ ይወርዳል። እኔ ከልጅነቴ ዳዊት የምደግም፣ ጾም የማልሽር፣ አንድ ጠብታ አይወጣኝም። ቅዳሴ ላይ ዓይኔን ከመጋረጃው ነቅዬ እሷን አያለሁ፤ ዛሬስ አለቀሰች? ለምን ለሷ? እኔ ምን ጎድሎኝ?

አረብ አገር ልትሄድ ቪዛዋ መጣ። ከመሄዷ በፊት መቁረብ ፈለገች፤ «እዛ ማን ያቆርበኛል?» አለች። አባ ለሁለታችንም ፈቀዱልን። ለእሑድ ስንዘጋጅ፣ ቅዳሜ ከሰዓት የውሃ ኩባያችንን ጀሪካኑ ላይ ደፋናት፤ ረስተን እንዳንጠጣ ነው። ስንዱ በእንቅልፍ ልቧ ተነስታ ውሃ የመጠጣት ልማድ ነበራት፣ ጠዋት አታስታውስም። «ተደፍታ ካየኋት እባንናለሁ» ብላ ሳቀች።

እሑድ ማለዳ እሷ ውጭ ቧንቧው ጋ ስትታጠብ ኩባያዋ እንደተደፋች ነበረች፣ ደረቅ። እኔ አቃናኋት። እኔ ውሃ ቀዳሁባት፣ ግማሹን አፈሰስኩ፣ ግማሹን ተውኩ። በዚህ እጄ። ስንዱ ስትገባ፣

«ስንድዬ፣ ሌሊት ስትጠጪ አየሁሽ» አልኳት። «ብጠራሽ አልሰማሽኝም።»

ኩባያዋን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከንፈሯ በጥም ተሰነጣጥቆ ነበር፤ እያየሁት ዋሸሁ።

«በይ አንቺ ሂጂ» አለች። «ለኔም ለምኚልኝ።»

ሄድኩ። ቆረብኩም። ሥጋዬን ከውሃ ከልክዬ፣ ነፍሴ ግን ሰው በልታ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ ተሰልፌ ተቀበልኩ። ስወጣ ስንዱ ከኋላዬ መጥታ ደጀ ሰላሙ ጋ ቆማ ነበር። ታለቅሳለች። በዚያ እንኳን ቀናሁባት። ሰይጣን አሳተኝ ልበል? ውሃውን የቀዳው የኔ እጅ ነው።

በሳምንቱ ሄደች። ይኸው ዓመታት አለፉ፣ ስትደውል ሁሌ ታመሰግነኛለች። «አንቺ ባትኖሪ በድፍረት እቀበል ነበር» ትለኛለች። አሁን የምኖርበት ገላን ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ ጥንቁቅ፣ መንፈሳዊ ሴት ይሉኛል። ከዚያ ወዲህ ቆርቤ አላውቅም፤ እነሱ ግን ትሕትና ይመስላቸዋል። እኔም አላረምኳቸውም።

አሁን ስንዱ ለፋሲካ ልትመጣ ነው። «አብረን እንቆርባለን፤ ኩባያዋን ግን አንቺ ጠብቂልኝ» አለችኝ፣ እየሳቀች።  ሁለተኛ እንዴት ዝም እላለሁ?

መጀመሪያ ለአባ፣ ከዚያ ለሷ፣ ኩባያዋን ሳንደፋ በፊት እነግራታለሁ። ልጅ ነበርኩ አልላትም። ብቸኛ ነበርኩም አልላትም፤ እሷ እያለች ብቸኛ አልነበርኩም። ይቅር እንደምትለኝ አውቃለሁ። አቅፋኝ ታለቅሳለች። እናንተ ግን ጸልዩልኝ፤ በዚያ እንባዋ ከአሁኑ እየቀናሁ ነው።