ቲቸር ሙሉቀን ያልጻፉት ትርጉም

ባለፈው ወር ለክትባት ሥራ ቁይ ከተማ ወርደን ያረፍንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ሰሌዳ ሲያጠቁሩ አገኘኋቸው። ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ሰብረው፣ ጥቁሩን ዱቄት በውኃ ለውሰው፣ በቅጠል ያሹታል። የእርጥብ ብረትና የቅጠል ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ የያዝሁትን የክትባት ሳጥን መሬት አስቀምጬ ቆምሁ። እኛም እንዲሁ ሰሌዳ እናጠቁር በነበረበት በጉንደ ወይን፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ ያስተማሩኝ ቲቸር ሙሉቀን ትዝ አሉኝ።

ቲቸር ሙሉቀን የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ነበሩ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ካፖርት የሚለብሱ ሰው። የካፖርቱ የቀኝ ኪስ ጠመኔ ከመሸከም ብዛት ነጭ ሆኖ ቀርቷል። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ቆይተዋል ይባላል፤ ያስታውቅባቸውም ነበር። አንድን ቃል በአንድ ትርጉም አይለቁትም። ሰሌዳው መሃል ይጽፉትና ሰሙን ከወርቁ እንደሚለይ ሰው ሲያገላብጡት ይውላሉ። ከሁሉ የሚወዱት ቅጽል ነው። «ቅጽል ከተጠጋው ሁሉ ጋር ጠባዩን ይለውጣል» ይሉን ነበር።

አንድ ሰኞ የጻፉት ቃል «ሌት» የሚል ነበር። በእኛ ቋንቋ ሌሊት ማለት ስለሆነ ክፍሉ ሳቀ። እሳቸውም ፈገግ ብለው ቀጠሉ። አርፍዶ የመጣ ተማሪ ሌት ነው። ወቅቱ ካለፈ በኋላ የጣለ ዝናብም ሌት ነው። ዘግይቶ የተዘራ ጤፍ፣ ወደ ማምሻው ያለው ሰዓት፣ ሁሉም ሌት ይባላል። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ደወል ተደወለ። «ይቀረናል» ብለው ጠመኔያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን እትዬ አንጓች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ደብዳቤ እንዳነብላቸው ይዘው ቤታችን መጡ። ልጃቸው ምናለ ባሕር ማዶ ወደብ ላይ ዕቃ ጫኝ ሆኖ ከሄደ ሦስት ዓመት አልፎታል። ወረቀቱ አጭር ነበር፤ የልጅዎ ልብስና ዕቃ በሻንጣ ተልኳል ይላል። ልጅ ከሚለው ቃል ፊት ግን ያ የጠዋቱ «ሌት» ቆሟል። የማውቀው ቃል ስላገኘሁ ደስ አለኝ።

«እሱስ?» አሉኝ።

«እሱ ዘግይቷል ይላል። ልብሱ ይቀድማል፤ እሱ ኋላ ይመጣል።»

«ደኅና ነው ማለት ነው?»

«አዎ፤ ዘገየ እንጂ።»

ግንባሬን ሳሙኝ። በማግስቱ ጠላ ጠነሰሱ፤ የቤታቸውንም ግድግዳ በነጭ አፈር ለቀለቁ። ባለፉ ባገደሙ ቁጥር «አንባቢዬ» እያሉ ይጠሩኝ ነበር።

ሐሙስ ዕለት ቲቸር ሙሉቀን በቃሉ ዓረፍተ ነገር እንድንሠራ አዘዙ። ቀድሜ እጄን አወጣሁና እትዬ አንጓች «ሌት» የሆነ ልጅ እንዳላቸው በእንግሊዝኛ ተናገርሁ። ቲቸር ጠመኔያቸውን አስቀመጡ።

«ይኼን ከየት አገኘሽው?»

«ከደብዳቤያቸው ነው። እኔ ነኝ ያነበብሁላቸው።»

ከክፍል ይዘውኝ ወጡና ደብዳቤውን እንዳመጣ ላኩኝ። እትዬ አንጓች ምንም አልጠረጠሩም፤ እንዲያውም ለቲቸር ብለው ቆሎ ዘግነው ጨመሩልኝ። ቲቸር ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ቁጢጥ ብለው ፊቴን እያዩ፣ «ይህ ቃል ከሰው ስም ፊት ሲመጣ ሟች ማለትም ይሆናል» አሉኝ። «አንቺ ወደ ቤትሽ ሂጂ። ለማንም አትናገሪ» ብለው ወደ እትዬ አንጓች ነፍስ አባት ቤት አቀኑ።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ቄሱና ሽማግሌዎቹ መርዶውን ነገሯቸው። ጩኸቱን ብርድ ልብስ ውስጥ ተሸፋፍኜ ሰማሁት። ጠላው ለለቅሶተኛ ተቀዳ።

በሦስተኛው ቀን ቲቸር መጥተው እጄን ያዙና ለቅሶ ቤት ወሰዱኝ። እናቴ እንዳይወስዱኝ ለምናቸው ነበር፤ «ዛሬ ካልሄደች ዕድሜ ልኳን በዚያ ደጅ ማለፍ አትችልም» አሏት። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እያየ፣ ካፖርታቸውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘው፣ እትዬ አንጓች ፊት ቆሙ።

«ልጅቷ አልዋሸችዎትም። ያን ትርጉም ሳላስተምራት የቀረሁት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

ዝም ቢሉ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን ገበያው ሁሉ አወራባቸው፤ ልጆቻችንን ምን እያስተማረ ነው ያሉም ነበሩ። እትዬ አንጓች እዚያው ድንኳኑ ውስጥ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

«ሦስት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር» አሉኝ፤ ድምፃቸው ጠፍቷል። «እንዴት አድርጌ እንደምቆጣሽ አላውቅም።»

ሰኞ ቲቸር አምስተኛውን ትርጉም ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ማንም አልሳቀም። ከዚያ ጠርዙ የተበላ መዝገበ ቃላታቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው፣ «እኔም የማላውቀው ብዙ ነው። ስትጠይቁኝ አብረን እናያለን» አሉን። መጽሐፉ ዓመቱን ሙሉ ከዚያ አልተነሣም። በዓመቱ አማኑኤል ከተማ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁን ደብረ ማርቆስ ነርስ ነኝ። ሰዎች በእንግሊዝኛ የተጻፈ የምርመራ ውጤት እየያዙ ይመጡና ንገሪን ይሉኛል። አፌን ሳልከፍት እስከ መጨረሻው አነበዋለሁ። አንዳንዶቹ ትዕግሥታቸው ያልቃል፤ ጓደኞቼም ቀርፋፋ ይሉኛል። ያልገባኝ ቃል ካለ ወረቀቱን ሳላጥፍ፣ የሰውየውን ዓይን እያየሁ፣ «ይቺን አላወቅኋትም፤ ጠይቄ ልምጣ» እላለሁ።