ደክሟቸዋል እንጂ ደክመዋል አይባልም

ሰዎቹ አምስት ነን። አንደኛው እኔ ነኝ፤ በርበሬ በረንዳ ጀርባ አሮጌ ጆንያ እየገዛሁ፣ ቀዳዳውን በሲባጎ እየሰፋሁ ለበርበሬ ነጋዴዎች መልሼ የምሸጥ። ሁለተኛዋ ባለቤቴ ናት። ሦስተኛዋ ልጄ፤ ያኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፣ ሌላ ልጅ የለኝም። አራተኛው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ ከአገር ቤት ያመጣሁትም፣ መርፌ ያስያዝኩትም እኔ ነኝ። አምስተኛው ሐኪሙ ነው። የማንንም ስም አልጽፍም፤ ሰፈራችን የሰው ስም በእጁ ከገባ በቀላሉ አይለቅም።

ትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት ከጆንያ ላይ ነው፤ «የተጣራ ክብደት» የሚለውን እያየሁ፣ ያላወቅሁትን ፊደል መንገደኛ እየጠየቅሁ። ከዚያ ወደ ጋዜጣ፣ ከጋዜጣ ወደ መጽሐፍ ሄድኩ። እንደዚህ የተማረ ሰው ለፊደል ጥብቅ ነው። ልጄንም በጥብቅ ያዝኳት። ከሰው ፊት ስለ እኔ ስታወራ በአንቱታ ነው፤ «አባባ መጣ» ካለች እንደገና ታስተካክላለች። ባለቤቴ «ልጅ ናት፣ ተዋት» ትለኛለች። አልተውኳትም። በልጅነቱ ያልታረመ፣ ሲያድግ ሰው ያርመዋል፤ ሰው ደግሞ ሲያርም አይራራም።

በሽታው የጀመረኝ የባቡሩ ቁፋሮ ከጎጃም በረንዳ እስከ ተክለ ሃይማኖት መንገዱን ገልብጦት በነበረ ጊዜ ነው። ጉንፋን መስሎኝ ነበር። ጉንፋኑ ሄደ፣ ድካሙ ቀረ። ተኝቼ ስነሣ ስተኛ ከነበረኝ የባሰ ደክሞኝ እነሣለሁ። የሸሚዜን ቁልፎች ቆልፌ ስጨርስ ቁጭ ብዬ ማረፍ አለብኝ። ደም ሰጠሁ፣ ሽንት ሰጠሁ፣ ራጅ ተነሣሁ። «ምንም የለብህም» አሉኝ። ዘመድ «ዓይን ነው» አለ። ጎረቤት ጸበል መከረኝ፤ ሄድኩ፣ ተጠመቅሁ፣ ተሸክመው መለሱኝ። እኔ ደግሞ በሆዴ ስንፍና እንዳይሆን ፈራሁ። በሕይወቴ ከሌባ ቀጥሎ የጠላሁት ሰነፍን ነው።

ሱቁን ወንድሜ ከፈተ። ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሳትም እሱ ሆነ። ወንድሜ ጭንቅላቱ ትራስ ከነካ ያንኮራፋል፤ ሲነጋ ታጥቦ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ሆኖ ይነሣል። ቀናሁበት። ቅናትን ቅናት ብዬ እጠራዋለሁ፤ ሰው ለኃጢአቱ ሌላ ስም ባወጣለት ቁጥር ዕድሜ ይጨምርለታል።

ከሁሉ አስቀድሞ የቀናሁት በጉልበቱ አይደለም፣ በድካሙ ነው። ማታ አቧራ ለብሶ ሲገባ ባለቤቴ ውሃ ታስታጥበውና «ቁጭ በል እስቲ፣ ደክሞሃል» ትለዋለች። ሽሮውን በልቶ ሲጨርስ ድካሙ የለም። የእሱ ድካም ከየት እንደ መጣ ይታወቃል፣ የት እንደሚሄድም ይታወቃል፣ ሰውም ያከብረዋል። የእኔን ግን ከየት አመጣኸው ብሎ የሚጠይቀኝ እንጂ «ቁጭ በል» የሚለኝ አልነበረም፤ ቀድሞውንም ተጋድሜያለሁና። ቀን ቀን በመስኮት ሳይ ጋሪያቸው ላይ በጠራራ ፀሐይ በተጋደሙት ኩሊዎችም እቀና ነበር። አንዱ «ና ጫን!» ሲባል ከሞት እንደ ተነሣ ብድግ ይላል። ለዚያ ብድግታ ሱቄን በለወጥኩ።

ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በር ላይ ድምፃቸው ይሰማኛል።

«አጎቴ፣ እሽኮኮ!»

«የትናንቱን ሂሳብ መቼ ከፈልሽ? ኩሊ በዱቤ አይሠራም።»

«ነገ እከፍልሃለሁ።»

«የመርካቶ ነገ! ውጪ እሺ። ቀስ በይ፣ ድምፅሽን ቀንሺ፣ አባባ ተኝተዋል።»

ከሳቋ ይልቅ ያ «ቀስ በይ» ይቆርጠኝ ነበር። ልጄ በገዛ ቤቷ በእኔ ምክንያት ጫማዋን አውልቃ የምትገባ ሆነች።

ወደ ሐኪሙ የሄድኩት በባለቤቴ ጉትጎታ ነው። ሳያቋርጥ ሰማኝ። «ይህ በሽታ አለ» አለኝ፤ እኔ ያለቀስኩት ያኔ ብቻ ነው። «የሚያድን መድኃኒት አለኝ ብዬ አልዋሽዎትም። አሁን የሚሞከር አዲስ አያያዝ ግን አለ።» እንቅልፍ የሚያስተካክል ኪኒን አዘዘልኝ። ዋናው ሕክምና ግን ኪኒኑ አልነበረም።

«የሚያቆሙት ሲደክምዎት አይደለም፣ ሳይደክምዎት ነው» አለኝ። «አንድ ጆንያ ሰፍተው ሁለተኛው ሲያምርዎት፣ መርፌውን ያስቀምጡ።»

«ዶክተር፣ ይሄማ የሰነፍ ሥራ ነው።»

«እንግዲያው ስንፍናን በደንብ ይማሩልኝ። ደህና የሆኑ የመሰለዎት ቀን ከሮጡ፣ ሩጫው ያገገሙትን ሁሉ ይዞት ነው የሚሄደው።»

ተማርኩ። ለእኔ ዓይነቱ ሰው ከፊደል የከበደ ትምህርት ነበር። አንድ ጆንያ ሰፍቼ ጀመርኩ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ሁለት ሆነ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ በር ላይ በርጩማ አውጥቼ እቀመጥ ጀመር። ልጄ የንባብ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ትቀመጥና ታነብልኛለች፤ እስከ ገጹ ግርጌ ሳልተኛ አዳምጣታለሁ። ግን ሕክምናው ራሱ ቅናቴን ይመግበው ነበር። እኔ ሳይደክመኝ ያስቀመጥኩትን ሁሉ ወንድሜ ያነሣዋል። የጆንያውን እስር ያነሣል፣ የጋዙን ጀሪካን ያነሣል፣ ልጄን ያነሣል። የእኔ መዳኛ ለእሱ መንገሻ ሆነ።

በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ቤቷ ወላጅ ጠርቶ ውጤት ይሰጣል። እኔ ሄጄ ልቀበልላት ቆረጥኩ። ሐኪሙን አማከርኩ፤ ሳምንቱን ሙሉ ካረፍኩ፣ በታክሲ ሄጄ በታክሲ ከተመለስኩ ፈቀደልኝ። ለባለቤቴ ነገርኳት። ለልጄ አልነገርኳትም። ለልጅ ቃል የሚሰጠው ነገሩ ሲፈጸም ነው፤ ተስፋ ሰጥቶ መቅረት ልጅን መስረቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬም አምናለሁ፣ ምንም እንኳ የዚያን ቀን ነገር ሁሉ ከዚህ ቢመጣም።

ልጄ እንደምሄድ ስላላወቀች ውጤቱን እንዲቀበልላት ለአጎቷ ነገረችው። አስተማሪዋ በዋዜማው «አባትሽ ይመጣሉ?» ብላ ትጠይቃታለች። ልጄ ባስተማርኳት አንቱታ ቀጥ ብላ ቆማ፣ «አባባ ደክመዋል፤ የሚመጣው አጎቴ ነው» ትላለች።

ደክሟቸዋል ማለቷ ነበር። ደክሟቸዋል ቢባል ሥራ የዋለ ሰው ነው፣ አረፍ ይላል፣ ያልፍለታል። ደክመዋል ግን ሐኪም «ቤታቸው ውሰዷቸው» ያለው ሰው ነው፤ ዘመድ የሚጠራበት፣ ቄስ የሚላክበት ቃል ነው። አስተማሪዋ የዕድራችን ዳኛ ጎረቤት ናት። ወሬው እኛ ሳንሰማው ሰፈሩን ሲዞር አደረ።

ጠዋት ተላጭቼ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ ጉልበቴ እንዳይባክን አልጋው ላይ በጀርባዬ ተጋደምኩ። ባለቤቴ ላዳ ልትጠራ ወጥታለች። ልጄና ወንድሜ ቀደም ብለው ወጥተዋል፤ እኔ ወደ ሱቅ መስሎኛል። በሩ ላይ የሰው ድምፅ ሰማሁ፤ አንዱ የዕድሩ ዳኛ፣ ሌላው ከሱቄ ፊት ለፊት በርበሬ በጅምላ የሚሸጡት ሐጂ።

«ድንኳን ከማዘዛችን በፊት ገብተን እንየው» አለ ዳኛው።

«ልጅቷስ፣ ምስኪን» አሉ ሐጂ።

«ለእሷ እንኳ አያስቡ። አጎቷ አለላት። ድሮስ ቢሆን ያሳደጋት ማን ሆነና!»

ገቡ። ዳኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሷል። ሐጂ ኮቴንና ጫማዬን አይተው በሹክሹክታ፣ «ገንዘውታል እንዴ?»

«በኮት የሚገነዝ ሰው የት አይተዋል፣ ሐጂ?» አልኳቸው።

«ያ አላህ! ይናገራል!» ሐጂ በርጩማው ላይ ዝርፍጥ አሉ። «አንተ ሰውዬ፣ ሱቅ ዘግቼ ነው የመጣሁት እኮ! ምናለ ትንሽ ብትታገሥ?»

«ማን ሞተ ተባለ?»

«ማንም አልሞተም» አለ ዳኛው ነጠላውን እያስተካከለ። «ደክመሃል ተባልን። ልጅህ ናት አሉ ለአስተማሪዋ የነገረቻት።»

«ልጄ ሱቅ ናት።»

«የምን ሱቅ!» አሉ ሐጂ። «ወንድምህ እሽኮኮ ተሸክሟት በተክለ ሃይማኖት በኩል ሲወርዱ አሁን አየኋቸው። ውጤት ሊቀበሉ ነው፤ እንዴት አጊጠዋል መሰለህ!»

ላዳውን አልጠበቅሁም፤ ባርኔጣዬን ደፍቼ ወጣሁ። ሐጂ «ኧረ ያዘው!» ሲሉ ሰምቻለሁ። በፍርስራሹ መንገድ፣ በድንጋይ ክምሩና በጭቃው መሐል በእግሬ ሄድኩ። የገረመኝ ጉልበት መኖሩ ነው። የሐኪሙ ቃል ጠፍቶኝ አልነበረም፤ ትዝ እያለኝ ነው የሄድኩት። በጆሮዬ ያለው ግን «ያሳደጋት ማን ሆነና» የሚለው ነው።

ክፍሉ በወላጅ ተሞልቷል። ወንድሜ በተማሪ አግዳሚ ላይ ጉልበቱን አጥፎ፣ ልጄን በጭኑ ይዞ ተቀምጧል። አስተማሪዋ የልጄን ስም ጠርታ «ወላጅ?» ስትል ወንድሜ ለመነሣት ዳዳ።

«አባቷ እኔ ነኝ» አልኩ ከበሩ።

አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እግዚአብሔር ይመስገን! ተነሡ እንዴ?»

ልጄ አየችኝ። ያን ፊቷን ነበር ሳምንቱን ሙሉ ተኝቼ የጠበቅሁት፤ ግን የደስታ አልነበረም፣ ድንጋጤ ነበር። «አባባ፣ ማን ይምጡ አለዎት? ይደክምዎታል እኮ!»

እኔም በሰው ሁሉ ፊት፣ «ስለ እኔ ለሰው ስትነግሪ ደክሟቸዋል እንጂ ደክመዋል አይባልም» አልኳት። በዚያ ቀን ለልጄ የተናገርኩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። ከክፍሏ ልጆች ሁለተኛ ወጥታለች፤ ውጤቱን ያነበብኩት ከዚያ በኋላ ነው።

ግቢው ውስጥ ጎንበስ ብዬ «ውጪ» አልኳት። ወደ አጎቷ ዞር ብላ አየች። ፈቃድ የምትጠይቀው እሱን ነው።

«ጋሼ፣ ተው፤ ለእኔ ስጠኝ» አለ ወንድሜ።

«አልሰጥህም።»

እሽኮኮ አደረግኋት። ከበሩ ወጣን። ጥቂት ሰው ዞሮ አየን፣ እኔም እንዲያየን ቀና ብዬ ሄድኩ። እንዴት ከብዳለች! ለካ ሳላነሣት አድጋለች። ወንድሜ አንድ እጁን ከኋላዋ ሳይነካት ዘርግቶ ይከተላል። ለባቡሩ በተቆፈረው ቦይ ላይ የተጋደመው ሳንቃ ጋ ስንደርስ ጉልበቴ ከዳኝ። ወንድሜ እሷን ከላይ ቀለባት፤ እኔ ጭቃው ላይ ተንበረከክሁ፣ ከዚያም መነሣት አልቻልኩም። እንደ እስር ጆንያ በጀርባው አዝሎ ወሰደኝ። ልጄ ባርኔጣዬን ይዛ ከጎኑ ትሄዳለች፣ «አጎቴ፣ ደከመህ?» ትለዋለች፣ እሱም «ኧረ ምንም!» ይላታል። እውነቱን ነው። በጀርባው ላይ ሆኜ በትንፋሹ ቀናሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣኝም። «ከመጀመሪያው እንጀምራለን» አለ ብቻ። ክረምቱን ሙሉ መጋረጃ ተጋርዶ ተኛሁ፤ መስከረምም ጥቅምትም አላነሣኝም፤ ጆንያ የያዝኩት የገና በዓል ሊደርስ ሲል ነው። ወንድሜ ለመስቀል አገር ቤት ሄዶ ሊያገባ ነበር፤ ሱቁን ማን ይያዘው? ቀረ። የታጨችለት ልጅ ወላጆች አንድ ዓመት ጠበቁትና ለሌላ ዳሯት። እሱ አንድ ቀን ስለዚህ አንስቶብኝ አያውቅም፤ ቢያነሣብኝ በወደድኩ። ባለቤቴ የጆሮ ወርቋን ሸጠች። ልጄ ደግሞ በዚያች ቃል የጣለችኝ እሷ መሰላት፤ ከዚያ ወዲህ ስለ እኔ ሰው ሲጠይቃት «ደህና ናቸው» ብቻ ነው የምትለው፣ ከአልጋ ባልነሣ እንኳ። እኔን ምንም አትጠይቀኝም። ንባቧን ለአጎቷ ወሰደችው፤ እሱ ማንበብ አይችልም፣ ስትሳሳት አያርማትም፣ ስለዚህ ይጣፍጣታል።

ለሐኪም፣ ለኪኒን፣ ለላዳ፣ ለሱቁ ኪራይና ለቀረው ሠርግ ተከፍሎ ላልተመለሰው ቀብድ የወጣው በጠቅላላው አሥራ ስምንት ሺህ ብር ሆነ። ከዚያ ውስጥ አሥራ አንዱን ሺህ የከፈለው ወንድሜ ነው።