በጨለማው ደረጃ ላይ የሰማሁት ዜማ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ የዚያን ቀን ድምፅ ግን ዛሬም ሳስታውሰው ሰውነቴን ውርር ያደርገኛል።

መርካቶ ዱባይ ተራ፣ አንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጨርቅ እሸጣለሁ። ያን ዕለት ረፋድ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ሱቄ ገቡ። ሳያቸው ወዲያው ለየኋቸው። በቴሌቪዥን ድራማ ላይ የቤት ሠራተኛ ሆነው የሚያስቁን እትዬ ታደለች ናቸው።

«እንዴ! ያቺ ሠራተኛዋ እርስዎ አይደሉም?» አልኳቸው በደስታ።

ሳቁ። «ነኝ ልጄ። ስንት ዓመት የሰው ሳህን አጥቤያለሁ መሰለሽ፤ ያውም ካሜራ ፊት!»

ጨርቅ እያማረጡ ብዙ አወሩኝ። የጋሞ ሰው ናቸው፤ ከጨንቻ ወዲያ ካለ የደጋ መንደር ነው የመጡት። በወጣትነታቸው ለቲያትር ሲፈተኑ «ትወናሽ ጎበዝ ነው፤ ቅላፄሽ ግን ለንግሥት አይሆንም» ተባሉ። ከዚያ ወዲያ የሚሰጣቸው ሁሉ ወይ ሠራተኛ ወይ የጉሊት ቸርቻሪ ሆነ። አሁን ግን የራሳቸውን ቡድን አቋቁመዋል። ድርሰቱን ራሳቸው ጽፈው፣ ዘፈኑን ከአገራቸው አምጥተው በጋሞኛ ይሠራሉ። ጨርቁም በድርሰቱ ላለችው ንግሥት የመድረክ ልብስ ነበር።

«ንግሥቷን ማን ይሠራታል?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ! ማን እስኪሰጠኝ ልጠብቅ?»

ጨርቁን እየለካሁ ሳለ ከታች አንድ ነገር ፈነዳ። መብራት ድርግም አለ። የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚሸት ጭስ በደረጃው ወጣ፤ አንዱ «እሳት!» ብሎ ጮኸ።

መርካቶ ውስጥ ይህን ቃል የሰማ ሰው ቆሞ አያስብም። የየሱቁ ሰው ሁሉ ወደ አንዲቱ ጠባብ ደረጃ ተመመ። መስኮት የላትም፤ እጄን እንኳ ማየት አልቻልኩም። ከኋላዬ ይገፋሉ። ከፊቴ አንዲት እናት «ልጄን! ልጄን ረገጣችኋት!» ትላለች። ደረቴ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ትንፋሽ አጠረኝ። በቃ አለቀልኝ ብዬ ሸሃዳ ማለት ጀመርኩ።

እትዬ ታደለች ከበላዬ «ቁሙ!» ብለው ጮኹ። ማንም አልሰማቸውም። ደግመው ጮኹ፤ ያው ነው።

ከዚያ ዘፈኑ።

ከተራራ ወደ ተራራ ሰው የሚጣራ የሚመስል ረጅም ዜማ ነበር። ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ለአፍታ ጸጥ አለ። በዚያች አፍታ ከታች፣ ከጭሱ ውስጥ፣ አንድ ወንድ ተቀበላቸው። ሌላም ቀጠለ፤ ሌላም። ለካ በሕንፃው ምድር ቤት ዕቃ የሚሸከሙ የጋሞ ልጆች አሉ። የሳቸው ድምፅ ከላይ ይወርዳል፤ የነሱ ከሥር እየተደራረበ ይወጣል። ደረጃው ራሱ የሚዘፍን መሰለኝ።

እትዬ ታደለች በዜማው መሃል በአማርኛ ትእዛዝ ጣል ያደርጋሉ። «ልጅቷን አንሷት! አንድ እርምጃ... ቁም! አንድ እርምጃ...»

ሰው ታዘዘ። እጅ ለእጅ ተያይዘን በዘፈኑ ምት ወረድን። ታች ያሉት በሩ ላይ ቆመው እየዘፈኑ ስለጠበቁን በሩ በየት በኩል እንደሆነ በጆሯችን አወቅን። ልጅቷም በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና ወጣች፤ ጉልበቷ ተልጦ ነበር እንጂ ደኅና ናት።

ውጭ ስንደርስ የፈነዳው የቆጣሪ ሳጥን እንደሆነ፣ ጥበቃዎቹም በአሸዋ እንዳጠፉት ሰማን። እሳቱ ትንሽ ነበር። ሊፈጀን የነበረው ግፊያው ነው።

እትዬ ታደለች መጨረሻ ወጥተው የመንገዱ ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። ውሃ ሰጠኋቸው።

«እርስዎም ፈርተው ነበር?»

«ልቤ በአፌ ልትወጣ! ግን ሕዝብ ሲረበሽብኝ ዝም ማለት አልችልበትም።»

ተሸካሚዎቹ መጥተው ከበቧቸው። አንደኛው እጃቸውን ስሞ በቋንቋቸው የሆነ ነገር ተናገረና አለቀሰ። ምን እንዳላቸው ጠየቅኳቸው።

«እናቴ ትዘፍነው ነበር፤ እዚህ ከተማ ጮክ ብዬ እዘፍነዋለሁ ብዬ ግን አስቤ አላውቅም፣ ነው የሚለኝ» አሉና እሳቸውም ዓይናቸውን ጠረጉ።

የዘፈኑን ትርጉም እስከ ዛሬ አላውቅም። ያኔ ልጠይቃቸው እችል ነበር፤ አልጠየቅኩም። እዚያ ደረጃ ላይ የገባኝ ይበቃኛል። አላህ ዕድሜያቸውን ያርዝምልኝ።